አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ

ሥራዬ ሰው የሚያየውን ነገር ማየት ነው። እናቴ እስከ ዛሬ አልገባትም። «ልጄ ካምፓላ ስልክ ላይ ተጥዳ ትውላለች፤ በዚያ ይከፍሏታል» ብላ ለጎረቤት ስታወራ ሰምቼ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳስበው ከእሷ የተሻለ የገለጸው ሰው የለም።

አንድ ባለሱቅ ወይም ባለምግብ ቤት ገጽ ይከፍትና ፎቶ ይለጥፋል፤ የሚያይለት ያጣል። ከዚያ እኔን ይጠራኛል። ማን ነው የሚያይህ? በስንት ሰዓት? የቱ ጋ ሲደርስ ያልፍሃል፣ የቱ ጋ ቆሞ ይቀራል? ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ ይስቁብኛል። «ሁሉም ሰው ነዋ የሚያየኝ» ይላሉ። ሁሉም ሰው የሚባል ሰው የለም። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ጠባዬ ነው፣ ቶሎ እግላለሁ። በዚሁ አመሌ ሁለት ደንበኛ አጥቻለሁ፤ አልቆጨኝም።

ቡኮቶ ሰፈር ያለው የአገራችን ምግብ ቤት ባለቤት ግን አልሳቀችብኝም። ከእኔ በአሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች። መጀመሪያ ቀን አንቱ ስላት «እኔን ነው ወይስ ከኋላዬ የቆመ ሰው አለ?» ብላ ዞር አለች። ከዚያ ወዲህ እትዬ እያልኳት በአንቺ ቀረን። ረጅም ናት፤ ሳቋ ከኩሽና እስከ መንገድ ይሰማል። ያኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወርዶባታል፤ ዕድሜዋ አርባን እያንኳኳ ነው፤ የደም ግፊትም አለባት። ሐኪሟ «መደንገጥ የለም፣ ማዘን የለም» ብሎ አስጠንቅቋታል። ባሏ ጁባ መንገድ ላይ ጭነት የሚያመላልስ ነጋዴ ስለሆነ በወር አንድ ሳምንት ቢገኝ ነው።

ሥራውን የጀመርኩት በደብተር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥግ ወንበር ይዤ የገባውን የወጣውን ስጠይቅ ከረምኩ። የኡጋንዳ ወጣቶች ገጹን የሚከፍቱት ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ነው፤ የሚያዩትም ምግቡን ነው። የእኛ ሴቶች ግን ምግብ አያዩም። ወጥ ምን ሊያደርግላቸው፤ ቤታቸው ሞልቷል። እነሱ የሚያዩት ማን ከማን ጋር እንደመጣ፣ እትዬም ምን እንደለበሰች ነው። ይህን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ሳይሸማቀቁ ለመናገር፣ የሰፈር ወሬ የሚለቅም ሰውና እኔ ልዩነታችን ደብተሩ ብቻ ነው።

ከሁሉም ተመልካቾች አንዷ ደብተሬ ላይ ለብቻዋ ገጽ ተሰጥቷት ነበር። የእትዬ እናት ናቸው፤ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። ጽሕፈት አያውቁም። አብሯቸው የሚኖረው የእትዬ ታናሽ ወንድም ስልክ ገዝቶላቸው ስቶሪ መክፈት፣ ልብ መላክና ድምፅ መቅዳት አስተምሯቸዋል። በስማቸው አጠገብ ያለው ፎቶ የአደይ አበባ ነው። ጠዋት ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ አደይ አበባዋ ከሁሉም ቀድማ ያዩት ሰዎች ዝርዝር ላይ ብቅ ትላለች። ወዲያው ድምፅ ይከተላል። «ያ ድስት ክዳን የለውም? ዝንብ ዘመድሽ ነው?» «ምነው ጸጉርሽ፣ ሐዘን ላይ ነሽ?» እትዬ ስልኩን ከፍ አድርጋ ለኩሽናው ሁሉ ታሰማና ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔም በደብተሬ ላይ «አደይ አበባ፦ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ድምፅ፣ ስድብ» ብዬ ጻፍኩ።

በአንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። እርግዝናው የታወቀ ጊዜ የመጣው ድምፅ አጭር ነው። «ሆድሽን ለሰው ዓይን እንዳታወጪ። እነዚያን ሁለቱን በዓይን ነው የበሉብሽ። አንዴ ባየው ስልኩን ሰብሬ በእግሬ እመጣለሁ።» ይህን ለኩሽናው አላሰማችም፤ ለእኔ ብቻ ነው ያሰማችኝ፣ አቀራረጼን እንዳስተካክል። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የምቀርጻት ከደረት በላይ ወይም ከመደርደሪያው ጀርባ ሆነ።

እሷም ከእኔ አንድ ነገር ተማረች። ሰው ምን እንደሚወድ ለማወቅ ስትፈልጊ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ አልኳት። ልብሱን ከቀየርሽ ሰዓቱን አትንኪ፤ ሰዓቱን ከቀየርሽ ልብሱን ተዪው። ጨውና በርበሬ በአንዴ ጨምረሽ የቱ ወጡን አጠፋው ብትዪ ማን ይነግርሻል? «እንዲያው አንቺ ልጅ፣ ወጥ መሥራት ሳትችዪ በወጥ ትመስያለሽ» አለችኝ። ነገሩን ግን አልረሳችውም።

ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ነገሩ ተገለበጠ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዝምታውን ነው። የእኛ ሴቶች ዝም አይሉም። እትዬ ቀሚስ ስትቀይር «ከየት ገዛሽው?»፣ ስትስቅ «ጥርስሽ አይርገፍ» እያሉ ይጎርፉ ነበር። በአንድ ቀን ቆመ። ሸሽተውን ነው ብዬ ዝርዝሩን ስከፍት ግን የሚያዩት ከወትሮው እጥፍ ሆነዋል። እስከ መጨረሻው ያያሉ፤ ደግመው ከፍተው ያያሉ። ልብ የለም፣ ቃል የለም። ምግብ ስለጥፍ ያልፉታል። የእትዬ ፊት ሲመጣ ይቆማሉ። ስሞቹን ወደ ታች ሳንከባልል የማርያም ሥዕል፣ የልጅ ፎቶ፣ ጽጌረዳ፣ የማርያም ሥዕል፤ ሁሉም ዝም ብለው ፊቷን አይተው ሄደዋል።

ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ እውነቱ ግን ይሄ ነው፣ ደስ አለኝ። ቁጥር ሲጨምር የሚጠረጥር ሰው የለም። እቅዱን እንደገና ጻፍኩ። «ሰው የሚፈልገው ፊትሽን ነው፤ በየቀኑ ይውጣ፣ ሳቂ፣ ደማቅ ልበሺ» አልኳት። ብርቱካናማ ቀሚስ አስለብሻት፣ ጭልፋ አስይዤ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ እስክስታ አስወረድኳት። ያን ቀን ያየው ሰው ብዛት! አንድም ቃል ግን አልመጣም።

አደይ አበባዋም ተለውጣለች። ጠዋት መምጣቷ ቀርቶ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆነ፤ ድምፁም ተቋረጠ፣ ልብ ብቻ ይላካል። እትዬ ወንድሟን ስትጠይቀው «ጉሮሮዋን አሟት ሐኪሙ እንዳትናገር ከልክሏታል፤ አትጨነቂ፣ ቪዲዮሽን በየቀኑ ታያለች» አላት። እሷም አመነች። እኔም በደብተሬ «ዘጠኝ ሰዓት፣ ልብ ብቻ» ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ። ልብ በመጣ ቁጥር በገጹ ስም የምመልሰው እኔ ነበርኩ። «ዕድሜ ይስጥልን እማማ» እያልኩ።

ምግብ ቤቱ ውስጥም አንድ ነገር ነበር። የእኛ ሴቶች ሁለት ሦስት ሆነው ይገባሉ፤ ሻይ ያዝዛሉ፤ እትዬ ከኩሽና ስትወጣ ወሬያቸው ይቆማል። አንዷ ሰላም ስትላት ትከሻዋን ይዛ ከሚገባው በላይ ትቆያለች። ሻዩ ሳይጠጣ ቀዝቅዞ ይቀራል። አስተናጋጃችን፣ ልጆች ያሳደገች የአገሩ ሴት፣ ኩባያዎቹን እየሰበሰበች «የእናንተ ሰዎች ማዳምን ለምን እንደዚያ ያዩዋታል?» አለችኝ። እንዴት ነው የሚያዩዋት ስላት «እኛ መንደር ሐዘን ቤት ነው ሰው እንደዚያ የሚቀመጠው» አለች። ተቆጣኋት። አገራችንን አታውቂም፣ እኛ ጨዋ ሕዝብ ስለሆንን ነው አልኳት። እሷም ትከሻዋን ነቅንቃ ኩባያዋን ይዛ ሄደች።

ቁጣዬ ሲበርድ ግን ነገሯ አልለቀቀኝም። ያን ያህል ሰው ዝም ብሎ ሲያይ ለምን እንደሚያይ መጠየቅ የእኔ ሥራ ነው፤ ስልክ የማይነግርሽን ሰው ይነግርሻል። ስለዚህ በነጋታው ቦዳ ሞተር ይዤ ኪሰንዪ ገበያ ወረድኩ። እዚያ ቅመም የሚሸጡ፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ማኅበር የሚከበሩ ትልቅ ሴት አሉ። በዝርዝሩ ላይ እሳቸው የማይጠፉ ናቸው፤ አንዳንዱን ቪዲዮ አራት አምስት ጊዜ ከፍተውታል። ከሱቃቸው በር ላይ ከጆንያ ጎን ተቀመጥኩና ደብተሬን ገለጥኩ።

«እማማ፣ ገጻችንን በየቀኑ ያያሉ አይደል?»

«አያለሁ።»

«እስከ መጨረሻው ያያሉ፤ ግን ምንም አይሉም። ምን ብንጨምር ደስ ይልዎታል?»

ሲሰፍሩት የነበረውን ኮረሪማ አስቀመጡት። «አንቺ ልጅ፣ ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠሽ?» አሉ።

«ምን አደረግኩ?» ድምፄ ከፍ ማለት ጀምሯል።

«ቀስ በይ። እናቷ ካረፉ ሦስት ሳምንት አለፋቸው። አንቺ ብርቱካን አልብሰሽ ታስጨፍሪያታለሽ። ደግሞ መጥተሽ ደስ ይልዎታል ወይ ትዪኛለሽ?»

መጀመሪያ የመጣችልኝ እትዬ እንዳትመስላችሁ፤ አደይ አበባዋ ናት። «አይሆንም» አልኳቸው፣ «ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይተዋል። ልብ ልከዋል። እኔ ነኝ የመለስኩላቸው።»

ሴትዮዋ አማተቡ። ከዚያ «ወንድሟ ይሆናላ» አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸውም እንደሚያስረዱ ሁሉ። «ስልኩ እሱ ዘንድ ነው። እንዳትጠረጥር ብሎ ይሆናል።»

ቀሪውን የነገሩኝ እያለቀሱ ነው። ወንድሟ ለማኅበሩ ደውሎ ለምኗል። ሁለት ጊዜ የወረደባት ሴት ናት፣ የደም ግፊት አለባት፤ ብትሰማ ልጁም እሷም ይሄዳሉ። ማኅበሩ ተሰብስቦ ቆርጧል፦ እስክትወልድ፣ ልጁም ክርስትና እስኪነሣ ድረስ መርዶው አይነገራትም። ባሏም ያውቃል። ካምፓላ ያለ የእኛ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። ለእኔ ያልነገሩኝ የማውቅ መስሏቸው ነው። ግማሹ «ጎበዝ ናት፣ እንዳትጠረጥር በሳቅ ትሸፍናታለች» ሲል፣ ግማሹ «አረመኔ ናት» ብሎ ሲከራከር ከርሟል።

«ታዲያ ለምንድን ነው የምታዩት?» አልኳቸው።

«ሰምታ እንደሆነ ለማየት ነዋ። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው ፊቷን ነው። ስትስቅ፣ እሰይ አልሰማችም እላለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ።»

ስመለስ ቦዳው ላይ ሆኜ ደብተሬን ጭቃ ውስጥ ልጥለው ምንም አልቀረኝም። ገበያው ዳር ቆሻሻው ላይ አባ ኮዳዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ እነዚያ ትልልቅ መላጣ ወፎች። ሌላ ቀን አላያቸውም። ያን ቀን ሁሉም እኔን የሚያዩ መሰለኝ። ከሦስት ሳምንት በላይ ለሞቱ ሴት ዕድሜ ይስጥልን እያልኩ፣ ልጃቸውን በመቃብራቸው ላይ ሳስጨፍር ነበር። ይሄን ሁሉ ደግሞ በጥናት ነው ያደረግኩት፤ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርኩ።

ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሌላ ምን አለ? ብናገር ያን ልጅ እገድላለሁ። ስለዚህ ማድረግ የምችለውን አደረግኩ፤ ፊቷን ከገጹ ማውጣት። በነጋታው የእጇን ሥራ ብቻ ቀረጽኩ፤ ሽሮ ስታማስል፣ ቅመም ስትነሰንስ። ሰዓቱንም ቀየርኩ። ልብሷን ጥቁር ሰማያዊ አደረግኩት። ውሸት አልችልበትም፤ ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል።

ሦስት ቀን ታገሰችኝ። በአራተኛው ቀን ካሜራዬን በመዳፏ ሸፈነችው። «ሰው ፊትሽን ነው የሚፈልገው ብለሽኝ ነበር። ምን ተቀየረ?»

«ምንም። ለለውጥ ያህል ነው።»

«ለለውጥ? አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ፊቴን አወጣሽ፣ ልብሴን ቀየርሽ፣ ሰዓቱን ቀየርሽ። አንቺ እንዲህ አትሠሪም።» ጆሮዬን አየችው። ከዚያ እጇን ዘረጋችና «ደብተርሽን አውሺኝ፤ ነገ እመልስልሻለሁ» አለች። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?

ደብተሩ ሲመለስ የአደይ አበባዋ ገጽ ጥግ ታጥፎ ነበር። «ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ድምፅ፣ ስድብ» የሚለውና ከሥሩ ያለው «ዘጠኝ ሰዓት፣ ልብ ብቻ» የሚለው ጎን ለጎን ይታያሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳቋ ከኩሽና አልወጣም።

ዓርብ ቀን፣ ከጋባ ሐይቅ ዳር የመጣው ዓሣ ተጠብሶ ምሳ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ፣ ምግብ ቤቱ ባዶ ሲሆን ጠራችኝ። ነጠላዋን አውልቃ፣ ሰውነቷን የሚይዝ ስስ ቀሚስ ለብሳ መስኮቱ አጠገብ በጎን ቆማለች። ብርሃኑ ሆዷ ላይ ነው።

«ቅረጪኝ» አለች። «ሙሉ። ሆዴን።»

«እትዬ፣ እንዲያው በማርያም። ተይ።»

«ያው መስኮት፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሳቅ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምቀይረው።»

«እናትሽ ምን ይላሉ?»

«እሱን ነው መስማት የምፈልገው» አለችኝ።

ቀረጽኳት። እጇን ከሆዷ ሥር አድርጋ፣ ወደ ካሜራው ዞራ ሳቀች። ራሷ ወሰደችና ለጠፈችው። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር።

ስሞቹ መግባት ጀመሩ። የማርያም ሥዕል፣ ጽጌረዳ፣ የልጅ ፎቶ። ከዚያ ለአንድ ወር ያህል ያልሆነው ሆነ፤ ሴቶቹ ተናገሩ። «ውይ ሸፍኚው እሜቴ!» «በስመ ሥላሴ፣ ምን ነካሽ?» «አጥፊው፣ ዓይን ክፉ ነው።» የኪሰንዪዋ ሴትዮ ድምፅ ላኩ፤ ቁጣቸው ክፍሉን ሞላው። አስተናጋጃችን ሳትቀር ከኩሽና ብቅ ብላ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ቦታውን ይለቅ ነበር። እትዬ አንዱንም አልነካችም። ዓይኗን ዝርዝሩ ላይ ተክላ ቁጭ ብላለች።

ዘጠኝ ሰዓት ከምናምን ላይ አደይ አበባዋ መጣች።

እኔ ወንድሟ እንደሆነ አውቃለሁ። አውቄም ግን ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩ። ትንሿ ቢጫ አበባ ከስሞቹ መሐል ተቀምጣ ታያለች። ምናልባት አሁን ይገባዋል፣ ምናልባት አንድ ነገር ይላል፣ ስልኩን ለጎረቤት ሴት ሰጥቶ ያስቆጣታል ብዬ ጸለይኩ። ያ ሰው ግን ምን ያውቃል? ሆድሽን አታውጪ የሚለውን የእናቱን ትእዛዝ አልሰማም። ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ልብ መጣ። አንድ ቀይ ልብ፣ ሌላ ምንም።

አሥር ሰዓት እስኪሆን ጠበቀች። ስልኩን በፊቱ ደፋችው።

«ሁሉም ሰደበኝ» አለች። «እማዬ ብቻ ቀረች። እማዬን ሐኪም ቀርቶ መልአክ ቢከለክላት ለዚህ ዝም አትልም።»

አፌን ከፈትኩ። ተነሥታ መዳፏን አፌ ላይ አደረገችው፤ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፣ በረዶ ሆኗል። «አትናገሪ» አለችኝ። «ከነገርሽኝ መርዶ ነው። መርዶ ከሰማሁ እጮሃለሁ። ከጮህኩ ይሄኛውም ይሄዳል። ሰዎቹ ቀን ቆርጠው ይሆናል፤ ቀናቸው ሲደርስ ይምጡ።»

እጇን ሳታነሣ ራሴን ነቀነቅኩ። እንባዬ ጣቷ ላይ ወረደ።

«አንቺም አታልቅሺ፤ ያይሻል ሰው። እነሱ እንዳልሰማሁ ይወቁ፣ አርፈው ይደሩ። ነገ ምን ልልበስ?»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሕይወቴ ከሁሉ በላይ የፈራሁበት ጊዜ ነው። በየቀኑ ቀረጽኳት። የሆዱን ቪዲዮ አጥፍተን ወደ ደረት በላይ ተመለስን። ብርቱካናማዋን ለበሰች፣ ጭልፋዋን ያዘች፣ ሳቀች። እኔ በቃ ስል መብራት እንደጠፋበት ቤት ፊቷ ጭልም ይላል፤ ከዚያ ሄዳ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሴቶቹ በየስልካቸው «እሰይ አልሰማችም» ይላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አደይ አበባዋ ትመጣለች፣ ልብ ትልካለች። መልሱን እኔ መጻፍ ስላቃተኝ እሷ ትጽፍ ጀመር። «እንደምን ዋልሽ እማዬ» ብላ፣ ጣቷ ሳይንቀጠቀጥ። አንድ ቀን ለምን ትመልሺለታለሽ ልላት አስቤ ተውኩት። ማን ለማን እንደሚያዝን፣ ማን ማንን እንደሚያታልል ጠፍቶብኝ ነበር።

ወንድ ልጅ ወለደች። ደህና፣ ወፍራም፣ ጩኸታም። ሴቶቹ ገንፎ ይዘው መጥተው እልል ሲሉ ግማሹ ድምፃቸው ለቅሶ ነበር። «እናቴን በስልክ አገናኙኝ» አለማለቷን አንዳቸውም አላስተዋሉም፤ ወይም ተመስገን ብለው አለፉት። በአርባኛው ቀን ልጁ ክርስትና ተነሣ። የእናቷ አርባ ደብረ ብርሃን ላይ ከወጣ ሰንብቷል።

ከክርስትናው በኋላ ባለው ሳምንት የኪሰንዪዋ ሴትዮ ደወሉልኝ። «ነገ ጎሕ ሲቀድ ነው። አንቺ ደፋር ነሽ፣ እጇን ያዢልን።» ቡኮቶ ያለውን የቤቷን ደረጃ ጥቁር ለብሰን፣ ጫማችንን ይዘን፣ አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች በዝምታ ወጣን። ከማንኳኳታችን በፊት በሩ ተከፈተ። ባሏ ነው የከፈተው፤ ልጁን አቅፏል። እሷ ፊቷን ታጥባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሁሉንም በየተራ አየችን፤ እኔ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ሰበረች። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ» ብለው ጀመሩ።

የጮኸችውን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ለሦስት ወር ያህል ተጣጥፎ የተቀመጠ ጩኸት ነው። ሴቶቹ እየደገፏት «ምስኪን፣ ምንም አልጠረጠረችም» ይባባሉ ነበር። እኔ እጇን አጥብቄ ያዝኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ክፍሉ በሰው ሞልቶ ሁላችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ወንድሟ ደወለ። ስልኩን መያዝ ስላቃታት መሐል ላይ አስቀመጡት፣ ሁሉም ይሰማል። «እህቴ፣ ይቅር በይኝ። እማዬ አልነበረችም። እኔ ነበርኩ የማየው። ከሥራ ወጣ እያልኩ በየቀኑ ስልኳን ከፍቼ...» መጨረስ አልቻለም።

«አውቃለሁ» አለች እትዬ።

ለቅሶው ሁሉ ቆመ። «ከመቼ ጀምሮ?» አለ ወንድሟ።

«ሆዴን አሳየሁህ። ልብ ላክህልኝ። እማዬ ብትሆን ትሰድበኝ ነበር።»

በክፍሉ ያሉት ሴቶች ሁሉ ቀና ብለው ፊቷን ተመለከቱ። ያን ጊዜ ነጠላዋን አንሥታ ፊቷን ሸፈነችው።